ከዶኒንግተን ረግረግ እስከ አውስትራሊያ ዳርቻ

እንግሊዝ ውስጥ ከፒተርቦሮ ከተማ በስተሰሜን ባቡሩ የሚያቋርጠው ምድር ሜዳ ነው ቢባል አይገልጸውም። ዓይን የሚያርፍበት ተራራ ቀርቶ ጉብታ እንኳ የለም። አገሩ ፌንስ ይባላል። ቀድሞ የሸምበቆና የዳክዬ መኖሪያ የነበረ ረግረግ ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን ቦይ እየተቆፈረ ውኃው ሲንጠፈጠፍ ነው እርሻ የሆነው። አንዳንዱ ማሳ ዛሬም ከባሕር ወለል ዝቅ ያለ ነው። ጥቁር አፈር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቦይ፣ ከዚያ በላይ ሰማይ ብቻ። የደጋ ልጅ ነኝና እንዲህ ያለ አገር ይጨንቀኛል ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ወደድኩት። የአንዱ መንደር ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ማማ ከግራ፣ የሌላው ከቀኝ ከሩቅ ብቅ ሲል ሰው ሳያስበው አቅጣጫ መለካት ይጀምራል። እዚህ ያደገ ልጅ የካርታ ሰው ቢሆን አይገርምም።

ስፖልዲንግ ላይ ከባቡር ወርደን አውቶቡስ ተሳፈርን። አብሮኝ የነበረው ለንደን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። በመንገዱ ዳር የተተከሉትን ምልክቶች ጮክ ብዬ ሳነብ ሰማኝ። ቢከር። ቦስተን። ዶኒንግተን።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር መጥተህ ታውቃለህ እንዴ?» አለኝ።

«መጥቼ አላውቅም። ስሞቹን ግን አውቃቸዋለሁ።»

የማውቃቸው በሌላው የዓለም ጫፍ ነው። የምኖረው ሜልበርን ሲሆን፣ ከዓመታት በፊት ለሥራ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ወዳለችው ፖርት ሊንከን ሄጄ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎች የሚበዙባት ከተማ ናት። ከፊቷ ያለው ደሴት ቦስተን ይባላል። ከወደቡ ማዶ ያለው የምድር ጫፍ ኬፕ ዶኒንግተን ነው። እዚያው አጠገብ ስፖልዲንግ የምትባል ትንሽ ወሽመጥ አለች፤ ቢከር የሚባሉ ደሴቶችም አሉ። ፖርት ሊንከን ራሷ የተሰየመችው በዚሁ አውራጃ በሊንከንሻየር ነው። አንድ የ27 ዓመት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በ1802 ያን ዳርቻ ካርታ ላይ ሲያሰፍር የልጅነት መንደሮቹን አንድ በአንድ ደረደራቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቦታው ባለቤት የሆነው የባርንጋርላ ሕዝብ ወደቡን ጋሊንያላ ይለዋል። መኮንኑ ይህን አያውቅም ነበር፤ ብዕሩ ላይ የመጣለት የናፈቀው አገር ነው። በራሱ ስም የሰየመው ቦታ ግን አንድም የለም። አንዲት ደሴት ፍሊንደርስ ብሎ ቢጠራም ለታናሽ ወንድሙ ለሳሙኤል መታሰቢያ ነበር።

የሰውየው ስም ማቲው ፍሊንደርስ ነው። ሜልበርን የሚኖር ሐበሻ ይህን ስም ሳይጠራ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ከፉትስክሬይ ተነስቶ መሐል ከተማ የሚገባ ብዙ ሰው ፍሊንደርስ ስትሪት ጣቢያ ይወርዳል፣ ወይም እዚያ ባቡር ይቀይራል። በስሙ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የተራራ ሰንሰለት አለ፣ ብሔራዊ ፓርክ አለ። እኔም እንደ ሌላው ሰው ለዓመታት ስሙን ስጠራ ኖሬ ከስሙ ጀርባ ያለውን ሕይወት ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ካነበብኩ በኋላ ግን መንደሩን ሳላይ ማደር አልቻልኩም።

ፍሊንደርስ ዶኒንግተን ውስጥ መጋቢት 16 ቀን 1774 ተወለደ። አባቱም አያቱም የመንደር ሐኪሞች ነበሩ፤ እሱም መድኃኒት ቀማሚ ሆኖ የአባቱን ወንበር እንዲወርስ ይጠበቅ ነበር። ልጁ ግን «ሮቢንሰን ክሩሶ» የተባለውን ልብ ወለድ አነበበና ባሕር ካልሄድኩ አለ። ወደ ባሕር ያስኮበለለኝ ይህ መጽሐፍ ነው ሲል በኋላ ራሱ ተናግሯል። የሒሳብና የመርከብ አቅጣጫ ትምህርት ከመጽሐፍ እያጠና በአሥራ ስድስት ዓመቱ መርከብ ላይ ወጣ። ቀጥሎ በዊልያም ብላይ ሥር ወደ ታሂቲ ተጓዘ። ብላይ ባውንቲ በተባለችው መርከብ ላይ መርከበኞቹ ያመፁበት ያው ሰው ነው፤ ኃይለኛ ቢሆንም ካርታ አሳሳልን ከካፒቴን ኩክ የተማረ ባለሙያ ነበር። ሙያው ከኩክ ወደ ብላይ፣ ከብላይ ወደ ፍሊንደርስ ተላለፈ። በ1794 ደግሞ ፍሊንደርስ በታላቁ የሰኔ 1 የባሕር ጦርነት ቤሌሮፎን በተባለችው መርከብ ላይ ከፈረንሳዮች ጋር ተዋጋ። ስለ ጦርነቱ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የዚህ መኮንን ክብር ያለው መድፍ አጠገብ አይደለም።

ዶኒንግተን ትንሽ መንደር ናት። በገበያው አደባባይ የነሐስ ሐውልቱ ቆሟል፤ እግሩ ሥር ድመት አለች። ይህች ድመት ትሪም ናት። ወንድ ድመት ነበር፤ ፍሊንደርስ ራሱ ታሪኩን ስለጻፈለት ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በ1799 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ መርከብ ውስጥ ተወለደ። ግልገል ሳለ ባሕር ውስጥ ወደቀ፣ ዋኝቶ ደረሰ፣ የወረወሩለትን ገመድ በጥፍሩ ቧጥጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከካፒቴኑ አልተለየም። አውስትራሊያን ዞረ፣ የመርከብ አደጋ አየ፣ ከጌታው ጋር ታሰረ። እስረኛ ሆኖ የድመት ታሪክ የሚጽፍ የጦር መርከብ አዛዥ ሌላ አላውቅም። ፍሊንደርስን ያከበርኩት በካርታዎቹ ነው፤ የወደድኩት ግን በዚህች ጽሑፉ ነው።

አውስትራሊያ የደረሰው በ1795 ነው። በመጣበት ሪላያንስ መርከብ ላይ ጆርጅ ባስ የሚባል የአገሩ የሊንከንሻየር ሰው ሐኪም ሆኖ ያገለግል ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ሲድኒ እንደደረሱ ቶም ተም የሚሏትን ትንሽ ጀልባ ይዘው ወንዝና ዳርቻ ማሰስ ጀመሩ። ርዝመቷ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነበር፤ ሁለት ሰውና አንድ ልጅ ከነስንቃቸው ሲሳፈሩባት ለእግር መዘርጊያ አይተርፍም።

በ1796 በሌላ ትንሽ ጀልባ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የደረሰባቸው ነገር ከሁሉ ደስ ይለኛል። ማዕበል ባሩዳቸውን አራሰው፣ ጠመንጃቸው ዛገ፣ የሚጠጣ ውኃ አለቀባቸው። ውኃ ፍለጋ ዳር ሲወጡ የአገሬው ሰዎች ከበቧቸው። ባሩዱን ድንጋይ ላይ አስጥተው እስኪደርቅ ድረስ ጊዜ መግዛት ነበረባቸው። ፍሊንደርስ መቀስ አወጣና የአንዱን ጢም መከርከም ጀመረ። የአንዱን አይቶ ሌላው ቀረበ፣ ከዚያ ሦስተኛው። አንዳንዶቹ መቀሱ ለአፍንጫቸው ሲቀርብ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ግን አልተነሱም። ጢም ሲስተካከል ባሩዱ ደረቀ፤ ሰው ሳይጎዳ ተለያዩ።

በ1798 መገባደጃ ሁለቱ ጓደኛሞች ኖርፎክ በተባለች ትንሽ መርከብ ዛሬ ታዝማኒያ የምንላትን ምድር ዞሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከዋናው አህጉር ጋር የተያያዘች ይመስል ነበር፤ ደሴት መሆኗን አረጋገጡ። በመካከል ያለው ሰርጥ በፍሊንደርስ አሳሳቢነት በባስ ስም ተጠራ። የእኔ ከተማ ወደብ የሚከፈተው ወደዚሁ ሰርጥ ነው። ባስ በ1803 ለንግድ ከሲድኒ ተነስቶ ባሕር ላይ ቀረ፤ የት እንደ ደረሰ ዛሬም አልታወቀም።

ፍሊንደርስ በ1800 እንግሊዝ ተመልሶ ለታላቁ የሳይንስ ሰው ለጆሴፍ ባንክስ ደብዳቤ ጻፈ፤ የዚያ አህጉር ዳርቻ ሁሉ በአግባቡ እንዲመረመር፣ ሥራውም ለእሱ እንዲሰጠው ጠየቀ። ተፈቀደለት። መርከቧ ኢንቬስቲጌተር ተባለች። የእጽዋት ሊቁ ሮበርት ብራውን፣ ሠዓሊዎቹ ፈርዲናንድ ባወርና ዊልያም ዌስታል አብረውት እንዲሄዱ ተመደቡ። ከዕጩ መኮንኖቹ አንዱ በኋላ በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ ሕይወቱን ያጣው ጆን ፍራንክሊን ነበር፤ እሱም የሊንከንሻየር ልጅና የፍሊንደርስ ዘመድ ነው።

ሚያዝያ 17 ቀን 1801 ፍሊንደርስ ፓርትኒ በምትባል መንደር አን ቻፔልን አገባ። በምስጢር ሲድኒ ድረስ ሊወስዳት አስቦ መርከብ ላይ አሳደራት። አለቆቹ ግን ለጉብኝት ሲመጡ ባርኔጣዋን አውልቃ እንደ ቤቷ ካቢን ውስጥ ተቀምጣ አገኟት። ሚስትህን ወይም አዛዥነትህን ምረጥ ተባለ። እሷን ትቶ በሐምሌ ወር ተነሳ። ዳግመኛ የተያዩት ከዘጠኝ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ይህን ምርጫውን ልፈርድበት አልቻልኩም። ከባሕሩ የላካቸው ደብዳቤዎች ያን ቀን ከአእምሮው እንዳላወጣው ያሳያሉ፤ በእኛ ዘመንም ለእንጀራ ብሎ ባሕር ተሻግሮ የትዳር ጓደኛውን ለዓመታት ያላየ ሰው ስንት ነው?

አሁን የሥራውን ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን የማረከኝ ይህ ነው። መርከቧ ነፋሱና ጥልቀቱ እስከፈቀደ ድረስ ወደ ዳርቻው ተጠግታ ትሄዳለች፤ ማዕበሉ አሸዋው ላይ ሲሰበር ከመርከቡ ወለል እንዲታይ። ፍሊንደርስ የሸራው ምሰሶ ጫፍ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱን የምድር ጫፍ፣ ኮረብታና ደሴት በኮምፓስ እያነጣጠረ ማዕዘኑን ይመዘግባል። መርከቧ ትንሽ ርቀት እንደ ሄደች ያንኑ ኮረብታ ደግሞ ይለካል፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ የኮረብታው ትክክለኛ ቦታ ነው። ከታች አንድ መርከበኛ ጫፉ ላይ እርሳስ የታሰረበትን ገመድ እየጣለ ጥልቀቱን ይጣራል። የእርሳሱ ታች ሞራ ይቀባል፤ ሲወጣ አሸዋ ወይም ጭቃ ወይም የዛጎል ስባሪ ተጣብቆበት ስለሚመጣ የባሕሩ ወለል ምን እንደሆነ ይታወቃል። ሲመሽ መርከቧ ከዳር ትርቃለች። ሌሊቱን አዛዡ የቀኑን ካርታ ይስላል፣ በሰዓትና በከዋክብት ያስተካክላል። ሲነጋ ግን ወደ ፊት አይቀጥልም፤ ማታ መለካት ወዳቆመበት ነጥብ ተመልሶ ከዚያው ይጀምራል። በጨለማ ያለፈውን ዳርቻ በግምት አይሞላውም። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እንዲህ ተሄደ። ካርታዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ መርከቦችን የመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በአህጉሩ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ዛሬ አልባኒ በተባለችው ከተማ አቅራቢያ፣ ፍሊንደርስ የመርከቧን ወታደሮች ዳር አሰልፎ በከበሮና በዋሽንት ሰልፍ አሳየ። ከአገሬው የኑንጋር ሕዝብ አንድ ሽማግሌ እንጨት እንደ ጠመንጃ ይዘው ከሰልፉ ጫፍ ቆመው አብረው ተንቀሳቀሱ። ከመቶ ዓመት በኋላ ዴይዚ ቤትስ የተባለች ጸሐፊ ወደ አካባቢው ስትሄድ ያ ሰልፍ ጭፈራ ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ መኖሩን ሰማች። እንግሊዞቹ በደብተር እንደ መዘገቡ፣ ኑንጋሮቹም በአካላቸው መዝግበውታል።

ሚያዝያ 8 ቀን 1802 ከአድማስ ላይ ሸራ ታየ። ፈረንሳዊው ኒኮላ ቦዳን በተመሳሳይ ሥራ ከወዲያኛው ጫፍ እየመጣ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ጦርነት ላይ ናቸው ብለው ስላመኑ የእንግሊዙ መርከብ መድፎች ተዘጋጁ፤ መኮንኖቹ ግን ተገናኝተው ስለ ዳርቻና ስለ ውኃ ተወያይተው በሰላም ተለያዩ። ቦታው እስከ ዛሬ የመገናኘት ወሽመጥ ነው የሚባለው።

ከሲድኒ በሐምሌ 1802 ወደ ሰሜን ሲነሳ አብሮት የሄደው ሰው ነው ይህን ጉዞ ያቃናው። ቡንጋሪ ይባላል፤ ከሲድኒ ሰሜን የመጣ የአገሬው ተወላጅ ነው። በ1799ም ኖርፎክ ላይ አብሮት ተጉዞ ነበር። የሰሜኑን ሰዎች ቋንቋ ባያውቅም እንግዳ ሲቀርብ ምን እንደሚደረግ ያውቅ ነበር፤ መሣሪያውን ጥሎ፣ ልብሱን አውልቆ ብቻውን ይወርዳል፣ በምልክት ይነጋገራል፣ ከዚያ ሌሎቹን ይጠራል። ፍሊንደርስ ስለ ጠባዩና ስለ ጀግንነቱ በአክብሮት ጽፏል። አህጉሩን ዙሪያውን በመርከብ እንደ ዞረ የታወቀው የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ተወላጅ ቡንጋሪ ነው። ጉዞው ሁሉ ግን ሰላማዊ አልነበረም። በጥር 1803 በሰሜኑ ባሕረ ሰላጤ አንድ መርከበኛ በጦር ተወጋ፣ ባልደረቦቹም አንድ የአገሬው ሰው በጥይት ገደሉ። ፍሊንደርስ በሰዎቹ አድራጎት ተቆጣ፤ ሟቹ ግን ሞቷል፤ ይህንንም ትቶ ማለፍ አይገባም።

በዚያው ሰሜን መርከቧ ስትመረመር እንጨቷ በስብሶ ተገኘ። ኃይለኛ ነፋስ ቢመጣ እንደማትተርፍ፣ ባሕሩ ጸጥ ካለ ምናልባት ስድስት ወር እንደምትቆይ አናጢዎቹ ነገሩት። ፍሊንደርስ የካርፐንታሪያን ባሕረ ሰላጤ ለክቶ ከጨረሰ በኋላ ዙሪያውን አጠናቆ ሰኔ 9 ቀን 1803 ሲድኒ ገባ። ከመርከበኞቹ ብዙዎቹ ታመው ነበር፤ አንዳንዶቹም ሞቱ። ሲድኒ ውስጥ የአባቱ መሞት መርዶ ደብዳቤ ይጠብቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መከራ ነው። በነሐሴ ወር ካርታዎቹን ይዞ ፖርፖይዝ በተባለች መርከብ ተሳፋሪ ሆኖ ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቧ ሌሊት ከኮራል ዐለት ጋር ተጋጨች። አብራት ትጓዝ የነበረችው ሁለተኛዋ መርከብ ኬቶም ተሰበረች። ሦስተኛዋ ብሪጅዎተር ጥላቸው ሄደች። የተረፉት ሰዎች፣ ትሪምም ጭምር፣ ማዕበል የማይሸፍናት ጠባብ የአሸዋ ቁራጭ ላይ ወጡ። ፍሊንደርስ በመቅዘፊያ በምትሄድ ጀልባ፣ ስሟን ተስፋ ብለው፣ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲድኒ ደረሰ። ሰማንያ ያህል ሰዎች አሸዋው ላይ እየጠበቁት ነበር። በስድስተኛው ሳምንት መርከቦች አስከትሎ ሲመለስ ባሉበት አገኛቸው። የባሕር ኃይል መኮንን ማለት ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ቢኖር ይህን እነግረዋለሁ።

ወደ እንግሊዝ ጉዞውን የቀጠለው 29 ቶን የመጫን አቅም ባላት ኩምበርላንድ በተባለች መርከብ ነው። ውኃ ታስገባ ስለነበር በታኅሣሥ 1803 ፈረንሳዮች ወደሚገዙት ሞሪሺየስ መግባት ግድ ሆነበት። ጦርነቱ ዳግም መጀመሩን አልሰማም ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት የሰጠው የይለፍ ወረቀት የተጻፈው ለኢንቬስቲጌተር እንጂ ለኩምበርላንድ አይደለም። ገዥው ጄኔራል ዴካን ጠረጠረው። ሆኖም ራት ጋበዘው፤ ፍሊንደርስ ግን ነፃ ካልወጣሁ ማዕድ አልቀርብም ብሎ ግብዣውን መለሰ። ሁለት ኩሩ ሰዎች ተገናኙ፤ የአንዷ ራት ዋጋ ስድስት ዓመት ተኩል እስራት ሆነ። ናፖሊዮን በ1806 እንዲለቀቅ ቢፈቅድም፣ ትእዛዙ በቀጣዩ ዓመት ደሴቱ ቢደርስም ዴካን አልለቀቀውም። ትሪምም እዚያው ጠፋ፤ የተራበ ሰው በልቶት ይሆናል ብሎ ፍሊንደርስ አዘነ።

እስረኛ ሆኖ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቶማ ፒቶ የተባለ ነጋዴ ወዳጅ ሆነው፤ ማዳም ዳሪፋ በደሴቱ ከፍታ ላይ ባለው ቤቷ አስጠለለችው፤ ፈረንሳይኛ ተማረ፣ ካርታዎቹን ሳለ። የመርከብ ኮምፓስ መርከቧ አፍንጫዋን ባዞረች ቁጥር ለምን እንደሚሳሳት ያሰላው በዚህ ዘመን ነው። ጥፋቱ የመርከቧ ብረት መሆኑን አስረድቶ ጽሑፉን ለንደን ወደሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ላከ፤ በ1805 ታተመለት። ከኮምፓሱ አጠገብ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ማስተካከያ ብረት ዛሬም የፍሊንደርስ ዘንግ ይባላል። በ1804 ከሳለው ትልቅ ካርታ ላይም አህጉሩን አውስትራሊያ ብሎ ጻፈ።

በጥቅምት 1810 እንግሊዝ ገባ። አንን አገኛት፤ በ1812 አን የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ። ማዕረጉ በእስር ያባከናቸውን ዓመታት ሳይቆጥርለት ቀረ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ የኩላሊትና የፊኛ ሕመም ያሰቃየው ነበር። ሁለት ጥራዝ መጽሐፉንና የካርታ ስብስቡን ለማዘጋጀት ቀን ከሌሊት ሠራ። መጽሐፉ ሐምሌ 18 ቀን 1814 ወጣ፤ ርዕሱ ላይ ግን እሱ የመረጠው ስም አልሰፈረም፤ የድሮው ቴራ አውስትራሊስ ነው የቀረለት። እሱ በማግስቱ በ40 ዓመቱ ሞተ። አውስትራሊያ የሚለውን ስም የሲድኒው ገዥ ማኳሪ ከ1817 ጀምሮ ተጠቀመበት፤ የባሕር ኃይሉ ጽሕፈት ቤትም በ1824 ተቀበለው።

የተቀበረው ለንደን ውስጥ በቅዱስ ያዕቆብ መካነ መቃብር ነው። ብዙ ሳይቆይ የመቃብሩ ምልክት ጠፋ። ዩስተን ባቡር ጣቢያ እየሰፋ ሲመጣ ቦታውን ዋጠው፤ ከባቡሮቹ መድረክ ሥር ነው ያለው የሚል ወሬ ለትውልዶች ሲነገር ኖረ። በ2014 በሞተ በ200 ዓመቱ ጣቢያው ላይ ሐውልት ቆመለት፤ ካርታ ላይ ተንበርክኮ ሲለካ፣ ትሪምም አጠገቡ። በአዲሱ ፈጣን ባቡር ሥራ ምክንያት የመቃብር ቦታው ሲቆፈር የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ አስከሬኖች መካከል በጥር 2019 አገኙት። የሌሎቹ ሣጥን ላይ የነበረው ቆርቆሮ ስም እስከማይነበብ ዝጎ ሳለ የእሱ ሰሌዳ ከእርሳስ የተሠራ ስለነበር ስሙና የሞተበት ቀን ተነበቡ። ሐምሌ 13 ቀን 2024 በትውልድ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በክብር ተቀበረ።

ዶኒንግተን ስንደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ነበር። አበባ የሚያስተካክሉ አንዲት አሮጊት ጥያቄ ሳንጠይቃቸው ወደ መቃብሩ መሩን። «ልጃችን ተመለሰ» አሉን፤ ሌላ አልጨመሩም። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ዝም ብሎ ቆመና፣ «ጋሼ፣ ሚስቱስ?» አለኝ።

ይህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። አን ለኩክ ሚስት የተሰጠችው ዓይነት ጡረታ ቢጠየቅላትም ተከለከለች፤ በ1852 ሞተች። በማግስቱ ዓመት የኒው ሳውዝ ዌልስና የቪክቶሪያ ቅኝ ግዛቶች በየዓመቱ መቶ መቶ ፓውንድ ሊሰጧት ወሰኑ። እሷ ስላልደረሰችበት ገንዘቡ ለልጃቸው ተላለፈ፤ ልጅየዋም ሕፃን ልጇን አስተምርበታለሁ ብላ ተቀበለች። ያ ሕፃን የግብፅን መቃብሮች እየለካ በሥርዓት የቆፈረው፣ የሸክላ ስባሪ ሳይንቅ ዘመን ያሰላው ፍሊንደርስ ፔትሪ ነው። አያትና የልጅ ልጅ በዓይን አልተያዩም፤ የሁለቱም ሙያ ግን ያላዩትን በግምት አለመሙላት ነው።

ለንደን የምትሄዱ ሁሉ ዩስተን ከደረሳችሁ ሐውልቱን እዩት። ከዚያ በእግር ጥቂት ተጉዛችሁ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ያለውን የፔትሪ ሙዚየም ጎብኙ፤ መግቢያው በነፃ ነው። ቀን ካላችሁ ዶኒንግተን ሂዱ። ሜልበርንና ሲድኒ ልጅ የምታሳድጉ ደግሞ ልጆቻችሁ ፍሊንደርስ ማን ነው ብለው ሲጠይቁ ቡንጋሪንም አብራችሁ ንገሯቸው፤ ያን አህጉር አብረው ነው የዞሩት።